ስለ ስቴንለስ ላሜራ፦ ግሬዱ ሌላ፣ ፊቱ ሌላ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል አራቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይተዋወቁ፣ በአንድ ዕቃ ላይ ያተኩራሉ፤ እርሱም በገበያው «ስቴንለስ ላሜራ» እየተባለ የሚሸጠው አይዝጌ ብረት ነው። የአራቱም ችግር ሥሩ አንድ ስለ መሰለኝ አምዱን በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥቼዋለሁ። ላሜራ የሚገዛ ሰው መጠየቅ ያለበት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነው፤ አንደኛው ብረቱ ከምን እንደ ተሠራ (ግሬዱ)፣ ሁለተኛው ፊቱ እንዴት እንደ ተጨረሰ (ፊኒሹ) ነው። ሱቅ ውስጥ ግን ሁለቱም «ጥሩው ስንት ነው?» በሚል አንድ ጥያቄ ሲጠቀለሉ እሰማለሁ።

ጥያቄ፦ በፒያሳ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ ብዙም ሳይርቅ፣ አነስተኛ ቁርስ ቤት አለኝ። ባለፈው መስከረም የፉል ማቅረቢያውን ጠረጴዛ፣ ላቫንዲኖውንና የግድግዳውን ልባስ በስቴንለስ አሠራሁ። ሥራው ሲያልቅ ፊት ያሳይ ነበር። ጥር ሳይገባ ግን በላቫንዲኖው ዙሪያና በግድግዳው ታችኛው ክፍል የሻይ ጠብታ የመሰለ ቡናማ ነጥብ ወጣበት። የሠራልኝን ባለሙያ ብጠራው ማግኔት አስጠግቶ «ይኸው አይስበውም፤ ኦሪጅናል ስቴንለስ ነው፤ የአጠቃቀማችሁ ችግር ነው» አለኝ። ስቴንለስ ይዝጋል እንዴ? (የቁርስ ቤት ባለቤት፣ ፒያሳ)

መልስ፦ ይዝጋል። «የማይዝግ» የሚለው ስም ብረቱ ከሚችለው በላይ ቃል የሚገባ ስም ነው። በአውሮፓው ስታንዳርድ በኢኤን 10088 ትርጓሜ መሠረት ስቴንለስ ስቲል ማለት ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም፣ ቢበዛ ደግሞ 1.2 በመቶ ካርቦን ያለው ብረት ነው። ክሮሚየሙ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ በብረቱ ፊት ላይ በዐይን የማይታይ፣ ውፍረቱ በናኖሜትር የሚቆጠር ሽፋን ይሠራል፤ ሽፋኑ ቢጫርም እንኳ ፊቱ ንጹሕ እስከ ሆነና አየር እስካገኘ ድረስ ራሱን መልሶ ይጠግናል። ጥገናውን የሚያሰናክለው ዋነኛ ጠላት ክሎራይድ ሲሆን፣ እርሱም በጨውና በበረኪና ውስጥ በእያንዳንዱ ምግብ ቤት ጓዳ ይገኛል።

ስለ ማግኔቱ፣ ባለሙያው ያሳየዎት ነገር እውነት ቢሆንም የጠየቁትን አይመልስም። ማግኔት የሚነግረን የብረቱን ውስጣዊ አወቃቀር እንጂ ግሬዱን አይደለም። ኒኬል ያለበት 304 የተባለው ግሬድ በማግኔት አይሳብም፤ ከኒኬሉ አብዛኛው ተቀንሶ በማንጋኒዝ የተተካበት 201ም እንዲሁ አይሳብም። በአንጻሩ 430 የሚባለው፣ ከ16 እስከ 18 በመቶ ክሮሚየም ያለውና ኒኬል የማይጨመርበት ግሬድ፣ ማግኔት ጥርቅም አድርጎ የሚይዘው ቢሆንም በስታንዳርድ የታወቀ፣ በቦታው ሲውል የሚያገለግል ስቴንለስ ነው። ከዚህም አልፎ እውነተኛ 304 ላሜራ በታጠፈበት ጠርዝ ላይ ማግኔቱን በጥቂቱ ሊስብ ይችላል፤ ብረቱ በቅዝቃዜ ሲታጠፍና ሲጎተት አወቃቀሩ በከፊል ይለወጣልና። ስለዚህ በማግኔት ብቻ የሚፈርድ ሰው 201ን ተቀብሎ 304ን ሊመልስ ይችላል፤ ሲመለስም አይቻለሁ።

የእርስዎ ላሜራ 201 ይሆን ወይስ 304 በደብዳቤ መለየት አይቻልም፤ ልዩነቱን ግን ማወቅ ይገባዎታል። 304 ከ8 እስከ 10.5 በመቶ ኒኬል ሲኖረው፣ 201 በስታንዳርዱ ከ3.5 እስከ 5.5 በመቶ ኒኬልና ከ5.5 እስከ 7.5 በመቶ ማንጋኒዝ አለው። የ200 ተከታታይ ግሬዶች በስፋት ሥራ ላይ የዋሉት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ ኒኬል በጠፋበት ወቅት ነበር፤ ዛሬም የሚመረጡት ኒኬል ውድ ስለ ሆነ ነው። 201 ጠንካራና ሲወለወልም እንደ 304 የሚያበራ ነው፤ ለወንበር እግርና ለደረቅ ቦታ ልባስ ምንም አይወጣለትም። ጨውና በረኪና በሚነካው ላቫንዲኖ ላይ ግን ከ304 ቀድሞ ነጥብ ያወጣል። ለመለየት ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በላሜራው ፊት ላይ ጠብ ተደርጎ፣ በ9 ቮልት ባትሪ ተነክቶ፣ ቀለሙን ሲለውጥ ማንጋኒዝ የበዛበትን ብረት የሚያጋልጥ ፈሳሽ ነው፤ በርካሽ የሚገኝና ለገዢ የሚበቃ ነው። ሁለተኛው በእጅ የሚያዝ፣ በኤክስሬይ የሚሠራ መመርመሪያ ሲሆን የክሮሚየሙን፣ የኒኬሉንና የማንጋኒዙን መጠን በሰከንዶች ውስጥ በመቶኛ ያሳያል።

ነገር ግን ላሜራውን ከመወንጀልዎ በፊት ሦስት ነገሮችን ያስታውሱ። ሴራሚኩ ሲነጠፍ ወለሉን በአሲድ አጥበውት ነበር? በሴራሚክ ላይ የደረቀውን ሲሚንቶ ለማስለቀቅ የሚደፋው አሲድ ሃይድሮክሎሪክ ነው፤ ትነቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በአንድ ሌሊት 304ንም ያቆሽሻል፤ ነጥቡ ከግድግዳው ታችኛው ክፍል መጀመሩም ወደዚህ እንድጠረጥር ያደርገኛል። ሠራተኞችዎ ማታ ማታ በረኪና የነከረ ጨርቅ በላቫንዲኖው ጠርዝ ላይ ጥለው ያድራሉ? በረኪና በውሃ ቀጥኖ ለጥቂት ደቂቃ ከቆየና በብዙ ውሃ ከታጠበ ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ ሳይታጠብ ሲደርቅ ግን ክሎራይዱ እየጠነከረ ብረቱን ይበሳዋል። ድስት የሚፈተግበት የብረት ሽቦስ በላዩ ላይ ያልፋል? ከሽቦው የሚቀረው ብናኝ ተራ ብረት ስለ ሆነ የሚዝገው እርሱ ነው፤ የሚታማው ግን ላሜራው ነው።

አሁን ያለውን ነጥብ ለማስለቀቅ ለስቴንለስ ተብሎ የተዘጋጀ፣ ክሎራይድ የሌለበት ማጽጃ ወይም በሙቅ ውሃ የተበጠበጠ ሲትሪክ አሲድ ይጠቀሙ፤ ማሻሻው በብረቱ የመስመር አቅጣጫ ብቻ ይሁን፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አጥበው በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት። ቡናማው ለቅቆ ጣትዎ የሚሰማው ጉድጓድ ከሌለ ላሜራው ደኅና ነው። ነጥቡ በዚያው ቦታ በወር ውስጥ ከተመለሰ ግን ፈሳሹን ገዝተው ይሞክሩት፤ ከባለሙያውም ጋር የሚነጋገሩት ያን ጊዜ ውጤቱን ይዘው ነው።

ጥያቄ፦ በተክለሃይማኖት አካባቢ የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለኝ። ያሸነፍኩት የአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ሥራ ሰነድ «ኤኤስቲኤም ኤ240፣ ታይፕ 304፣ ፊኒሹ በኤኤስቲኤም ኤ480 መሠረት ቁጥር 4» ይላል። አስመጪው የሰጠኝ የፋብሪካ ወረቀት ግን «ጂቢቲ 3280፣ 06ሲአር19ኤንአይ10፣ 2ቢ» የሚል ነው። አማካሪው መሐንዲስ ዕቃውን አልቀበልም አለኝ፤ አስመጪው ደግሞ «ያው 304 ነው፣ ስሙ ብቻ ነው የተለየው» ይለኛል። ማንን ልመን? (የወርክሾፕ ባለቤት፣ ተክለሃይማኖት)

መልስ፦ አስመጪው ስለ ብረቱ፣ መሐንዲሱ ስለ ፊቱ ትክክል ናቸው። እርስዎ መሐል የገቡት ሁለቱ ስለ ተለያየ ነገር ስለሚከራከሩ ነው።

በመጀመሪያ ቁጥሮቹን እንፍታቸው። በአሜሪካው አሠራር፣ በኤኤስቲኤም፣ ኤ240 የሚደነግገው የብረቱን የኬሚካል ይዘትና ጥንካሬ ነው፤ ኤ480 ደግሞ ለሁሉም ጠፍጣፋ ስቴንለስ የሚያገለግሉትን የጋራ ግዴታዎች፣ ማለትም የልኬት መቻቻልን (ከተባለው ልኬት የሚፈቀደውን ልዩነት)፣ የፊኒሽ ዓይነቶችን፣ ምርመራንና የመሳሰለውን ይዟል። ስለዚህ ሁለቱ ተደጋግፈው የሚነበቡ ናቸው፤ በጨረታ ሰነድ ላይ ኤ240ን ብቻ ጽፎ ስለ ፊኒሽ ዝም ማለት ግማሽ ትእዛዝ ነው። የቻይናው ጂቢቲ 3280 እና የጃፓኑ ጄአይኤስ ጂ4305 በቅዝቃዜ ለተዳመጠ፣ ማለትም ሳይሞቅ በሮለር ተጨምቆ ለቀጠነ፣ ላሜራ የወጡ ናቸው፤ በሙቅ ለተዳመጠው ጂቢቲ 4237 እና ጂ4304 አሉ። በአውሮፓ ኢኤን 10088-2 ይዘቱንም ፊኒሹንም ይዞ፣ በቅዝቃዜ የተዳመጠውን ልኬት ለአይሶ 9445 ይተወዋል።

06ሲአር19ኤንአይ10 የሚለው የቻይናው ስም የ304 አቻ ነው። በኤ240 ለታይፕ 304 ክሮሚየሙ ከ17.5 እስከ 19.5 በመቶ፣ ኒኬሉ ከ8 እስከ 10.5 በመቶ፣ ካርቦኑ ቢበዛ 0.07 በመቶ ነው። የጃፓኑ ኤስዩኤስ 304 ክሮሚየሙን ከ18 እስከ 20 ያደርገውና ካርቦኑን እስከ 0.08 ይፈቅዳል። ስለዚህ ክሮሚየሙ 17.8 የሆነ ላሜራ በአሜሪካው ሲያልፍ በጃፓኑ ይወድቃል፤ ካርቦኑ 0.08 የሆነው ደግሞ በጃፓኑ አልፎ በአሜሪካው ይወድቃል። ለመሐንዲሱ የሚያቀርቡት ክርክር «አቻ ነው» የሚለው ስም ሳይሆን በወረቀቱ ላይ የተመዘገቡት ትክክለኛ መቶኛዎች ይሁኑ፤ በኤ240 ወሰን ውስጥ ከገቡ በይዘት በኩል የሚያስመልሰው ምክንያት የለውም። ወረቀቱም ኢኤን 10204 በሚለው አሠራር 3.1 ዓይነት፣ ማለትም ከምርት ክፍሉ ነጻ የሆነ የፋብሪካው ተቆጣጣሪ በእውነተኛው ምርመራ ውጤት ላይ የፈረመበት መሆኑን ይመልከቱ። በወረቀቱ ላይ ያለው የቅልጥ ቁጥር፣ ማለትም ብረቱ የቀለጠበትን ዙር የሚለየው ቁጥር፣ በላሜራው ወይም በጥቅሉ ላይ ከተለጠፈው ጋር ካልገጠመ ግን ያ ወረቀት የሌላ ብረት ወረቀት ነው። ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህን ነው፤ ለማየት የሚፈጀው ግማሽ ደቂቃ ነው።

ፊኒሹ ግን የተለየ ነው፤ ልዩነቱም የስም አይደለም። ቀልጦ በድፍን የወጣው ብረት በመጀመሪያ በሙቅ ይዳመጣል፤ ከዚያ በእቶን ተሙቆ ይለዝባል፤ ጥቁር ቅርፊቱም በአሲድ ይታጠባል። እዚህ ላይ የቆመው ሻካራና ግራጫማ ፊት በአሜሪካው ቁጥር 1፣ በአውሮፓው 1ዲ ይባላል፤ በወፍራም ታንከሮችና በማይታዩ ክፍሎች የሚውለው እርሱ ነው። ላሜራው ቀጥሎ በቅዝቃዜ ሲዳመጥ እየቀጠነና እየጠነከረ ስለሚሄድ እንደገና ይለዝባል፤ 304 ከሆነ ከ1,040 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባላነሰ ሙቀት። ከዚያ በአሲድ ሲታጠብ የሚገኘው ደብዛዛ ፊት 2ዲ ነው። ይኸው 2ዲ በመጨረሻ በተወለወሉ ሮለሮች መካከል አንድ ጊዜ ቀለል ተደርጎ ሲያልፍ፣ ፊቱ ጠበቅ ብሎ ወተት የመሰለ ብርሃን ይይዛል፤ እርሱ 2ቢ ነው፤ በገበያችንም በብዛት የምናገኘው እርሱን ነው። ቢኤ የሚባለው ደግሞ ኦክስጅን በሌለበት፣ ብዙውን ጊዜ ሃይድሮጅን በሞላው እቶን የለዘበ ነው፤ ቅርፊት ስለማያወጣ አሲድ አይነካውም፣ መስታወት ሊሆን ጥቂት የቀረው ፊት ይኖረዋል።

ቁጥር 4 ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ከሮለር ሳይሆን ከመሞረጃ ቀበቶ የሚገኝ በመሆኑ ነው። 2ቢ ላሜራ ተወስዶ፣ በአንድ አቅጣጫ በሚሮጥ ቀበቶ፣ በአብዛኛው ከ120 እስከ 150 በሆነ የብርጭቆ ወረቀት ቁጥር ተሞርዶ አጫጭር ትይዩ መስመሮች ይወጡበታል። ስለዚህ የእርስዎ 2ቢ ዕቃ ሳይሞረድ ቁጥር 4 ሊባል አይችልም፤ መሐንዲሱ በዚህ ላይ አልተሳሳተም። ሰፊ ቀበቶ ያለው ማሽን ካለዎት ግን ያንኑ ላሜራ ራስዎ ወደ ቁጥር 4 ማድረስ ይችላሉ። በእጅ ግራይንደር አይሞክሩት፤ መስመሩ ይሰባበራል፣ ቦታ ቦታውም ይቃጠላል። በተለይ ተራ ብረት የቆረጠ ዲስክ በስቴንለስ ላይ እንዳያልፍ ይጠንቀቁ፤ ብናኙ በፊቱ ይተከልና ከወር በኋላ እንደ ፒያሳው ደንበኛችን ደብዳቤ ያስጽፋል።

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልጨምር። ቁጥር 4 ከ2ቢ ይልቅ «ንጹሕ» ወይም «ለምግብ የሚሆን» ነው የሚል እምነት ሰፍኗል፤ ልኬቱ ግን ይህን አይደግፍም። የፊት ሻካራነት የሚለካው አርኤ በሚባል አማካይ ሲሆን፣ ምግብ በሚነካቸው ፊቶች ላይ የተለመደው ወሰን 0.8 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ነው። 2ቢ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.5 ማይክሮን ውስጥ ይገኛል፤ ቁጥር 4 በኤ480 እስከ 0.64 ሊደርስ ይችላል፤ ባረጀ ቀበቶ የተሞረደ ከሆነማ ከዚያም ያልፋል። ስለዚህ 2ቢ ከቁጥር 4 ብዙ ጊዜ የለሰለሰ ነው። ቁጥር 4 የሚመረጥበት እውነተኛ ምክንያት ሌላ ነው፤ መስመሩ የዕለት ጭረትን ይሸሽጋል፣ የተበየደ መገጣጠሚያም ተሞርዶ ከአካባቢው ጋር ሊመሳሰል ይችላል። እኔ ብሆን ለጠረጴዛው ላይኛ ፊትና ለሚታየው በር ቁጥር 4ን፣ ለገንዳና ለወተት መያዣው ውስጠኛ ክፍል 2ቢን እንዲፈቅድ መሐንዲሱን በጽሑፍ እጠይቀው ነበር። የሚስማማ ከሆነም በውሉ ላይ «ቁጥር 4» ብቻ ተብሎ እንዳይቀር፤ የብርጭቆ ወረቀቱ ቁጥርና የአርኤው ከፍተኛ ወሰን ይጻፍበት፤ አለበለዚያ በሁለት ወርክሾፕ የተሠራ ቁጥር 4 ሁለት ዓይነት ሆኖ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ከመርካቶ 1 ሚሊሜትር ተብሎ የተሸጠልኝን ላሜራ ሻጩ በፊቴ በካሊብሮ ለክቶ 1.0 አሳየኝ። ቤት ወስጄ ስለካው 0.9 ሆነ። እንዴት ይሆናል? (በያጅ፣ ልደታ)

መልስ፦ ሻጩ የለካው ከነፕላስቲኩ ይመስለኛል። መከላከያ ፕላስቲኩ ብዙውን ጊዜ ከ0.05 እስከ 0.08 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ በሁለቱም ፊት ካለ ልዩነቱ በሙሉ ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ጥግ ላይ ትንሽ ልጦ፣ ከተቆረጠው ጠርዝም ገባ ብሎ መለካት ነው፤ በማይክሮሜትር ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ስታንዳርዶቹ የተወሰነ መቻቻል ይፈቅዳሉ፤ መጠኑም እንደ ስታንዳርዱ፣ እንደ ውፍረቱና እንደ ስፋቱ ይለያያል። ስለዚህ ፕሮፎርማው ላይ «1 ሚሊ» ከማለት ይልቅ ስታንዳርዱን ወይም ዝቅተኛውን ውፍረት ማስጻፍ ይበጃል። በሚዛን መፈተሽም ይቻላል፤ 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነ ሙሉ 1 ሚሊሜትር 304 ላሜራ 23.6 ኪሎግራም ገደማ፣ 0.9 ከሆነ 21.2፣ 0.8 ከሆነ ደግሞ 18.9 ገደማ ይመዝናል። በጌጅ ከሚሸጥልዎ ሰው ጋርም ሚሊሜትሩን አስቀድመው ይስማሙ፤ 18 ጌጅ በእንግሊዝ አቆጣጠር 1.22፣ በአሜሪካ የስቴንለስ አቆጣጠር 1.27 ሚሊሜትር ነውና።

ጥያቄ፦ በካዛንቺስ የአንድ ሕንጻ የሊፍት ፊትና የእንግዳ መቀበያውን ግድግዳ በሄርላይን ስቴንለስ አለበስን። ላሜራው ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ደረሰኝ የተገዛ ነው። ፕላስቲኩ ሲላጥ ግን አንዱ ፓነል ነጣ፣ ቀጣዩ ጠቆር ብሎ ታየ። ከተለያየ ብረት ተሽጦልን ይሆን? (የውስጥ ማስዋብ ባለሙያ፣ ካዛንቺስ)

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። በወጣትነቴ በአንድ ወርክሾፕ ስሠራ ይኸው ስህተት በእጄ ተፈጽሟል። ላሜራ እንዳይባክን ብዬ ከአሥራ ሁለት ፓነል አራቱን አዙሬ ቆረጥኩ፤ ከተገጠሙ በኋላ ጠዋት ላይ በሩ ሲከፈት ግድግዳው ዳማ ሜዳ መሰለ። አራቱን እንደገና ገዝቼ ተካሁ፤ ዋጋውም ከደመወዜ ተቆረጠ።

ሄርላይን ማለት በረጅም፣ ያልተቋረጠ መስመር የተሞረደ ፊት ነው። ብርሃን በመስመሩ ላይ በርዝመቱና በአግድሙ ሲወድቅ የሚመልሰው ነጸብራቅ ይለያያል፤ ስለዚህ አንዱ ፓነል ሽቅብ፣ አንዱ አግድም ከተቆረጠ ሁለት ቀለም ሆነው ይታያሉ። በመቶ ሰማንያ ዲግሪ የዞረም እንኳ፣ ቀበቶው በአንድ አቅጣጫ ስለሚሮጥ፣ ከጎን ሲታይ በጥቂቱ ሊለይ ይችላል። ለዚህ ነው በፕላስቲኩ ላይ ቀስት የሚታተመው፤ ሠራተኛው የፋብሪካ ማስታወቂያ መስሎት ያልፈዋል እንጂ ቀስቱ የመስመሩን አቅጣጫ የሚያመለክት ነው። ሲቆረጥ በእያንዳንዱ ቁራጭ ጀርባ ቀስቱን በማርከር መገልበጥ፣ ሲገጠምም ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ ማዞር ያስፈልጋል። ለውጭ ግድግዳ ከሆነ መስመሩ ሽቅብ ይቁም፤ የክረምቱ ዝናብ አቧራውን ይዞት ይወርዳል፤ አግድም ሲሆን ግን ቆሻሻው በመስመሮቹ ውስጥ ያድራል።

ፕላስቲኩንም በተመለከተ፣ ከፊሉን ልጦ ከፊሉን ለርክክብ ቀን ማቆየት ልማድ ሆኗል። ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት አጠገብ የቆየ ፕላስቲክ ማጣበቂያው ይደርቅና በጥፍር እንኳ አልላጥ ይላል፤ ሲላጥም ጥላ የመሰለ ምልክት ጥሎ ይሄዳል። የእርስዎ ልዩነት ከዚህም ሊመጣ ስለሚችል፣ የጠቆረውን ፓነል አንድ ጥግ በአልኮል በነከረ ለስላሳ ጨርቅ በመስመሩ አቅጣጫ ጠርገው ይመልከቱ። ጥጉ ከነጣ ችግሩ ማጣበቂያ ነው፤ በሙሉ አጽድተው ይገላገላሉ። ካልነጣ በእጅ ባትሪ ብርሃን ከጎን እያበሩ የመስመሩን አቅጣጫ ከጎረቤቱ ጋር ያስተያዩ። የተለየ ከሆነና የፓነሉ አራቱም ጎን እኩል ከሆነ ፈትተው አዙረው መግጠም ይችላሉ፤ አንዱ ሽቅብ አንዱ አግድም ተቆርጦ ርዝመቱና ስፋቱ ከተለያየ ግን መቀየር ግድ ነው። የሚቀየረውንም ላሜራ ሲገዙ ከቀድሞው ቁራጭ የመዳፍ ያህል ይዘው ይሂዱ፤ በሱቁ መብራት ሳይሆን ደጅ አውጥተው፣ ሁለቱን በአንድ አቅጣጫ ጎን ለጎን አድርገው ያነጻጽሩ፤ ሄርላይን የሚባለው ፊት ከቀበቶ ቀበቶ ስለሚለያይ፣ አንድ ግሬድ ሆኖም ላይገጥም ይችላል።